የእማዬ ፕላስቲክና የአባዬ ድራማ

ውድ ወንድም ጋሼ ዴልፊን፣

ከባሕሩ ጋር እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እንቅልፍ ታገኛለህ? እማዬ መርከባችሁን ማዕበል እንዳይነካት በየጠዋቱ ሻማ ታበራለች። እኛ ደኅና ነን፤ እኔ ግን በንዴት ልፈነዳ ነው።

አባዬ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ፣ ድሮ ለሬዲዮ የጻፈውን ድራማ አንድ ጊዜ ልስማው እያለ ይለምነኛል። አሁን አሁን ነገር እየረሳ ስለሆነ ሳይረፍድ ላሰማው ፈልጌ ነበር። አንተ በስልክ፣ “ስካን አድርጊው፣ ኮምፒውተሩ አንብቦ ያሰማዋል፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው” አልከኝ። እስቲ መጥተህ ሞክረው!

ዋናው ጽሑፍ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ጠፍቷል። የቀረን በስስ ወረቀት ላይ ያለው የካርቦን ግልባጭ ነው። ሐምራዊው ቀለም ስለደበዘዘ በዓይኔም ማንበብ አቃተኝ። ይኼ ሳያንስ እማዬ ገጾቹን በሙሉ ገበያው አጠገብ ወስዳ በፕላስቲክ አሳሽጋ ላሚኔት አስደርጋቸዋለች፤ የልደት ወረቀታችንንና ያንተን ዲፕሎማ እንዳስደረገችው። ብቆጣት፣ “ጎርፍ ሲገባ የጎረቤቱ ወረቀት ሁሉ ገንፎ ሲሆን የኛ ተረፈ አይደል? ምን ትነጫነጪብኛለሽ!” አለችኝ። እውነቷን መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደደኝ።

ስካነሩ ላይ ሳደርገው ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል። ጽሑፉን ላድምቀው ስል እድፉ ሁሉ ፊደል ይሆናል፤ እድፉን ላጥፋ ስል ፊደሉም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ እንደ ምንም ያነበበውን ባሰማው አባዬ፣ “ይሄ ሰውዬ ጠጥቷል እንዴ?” አለ። ስካነሩን በመስኮት ልወረውረው ነበር።

በመጨረሻ ስካነሩን ትቼ፣ ከገጹ ሥር ነጭ ወረቀት አድርጌ፣ ከጎን በሚገባ የመስኮት ብርሃን በስልኬ አነሳሁት። ከፎቶው ቀለሞች ሌሎቹን አጥፍቼ አረንጓዴውን ብቻ ሳስቀር ሐምራዊው ፊደል ጠቆረ፣ የወየበው ወረቀትም ነጣ። ኮምፒውተሩ አሳስቶ ያነበበውን በእጄ አረምኩና ትናንት ከምሳ በኋላ የመጨረሻውን ክፍል ከፈትኩለት፤ ሚስቲቱ ወደብ ላይ ቆማ ባሏን የምትጠብቅበትን።

አባዬ እስከ መጨረሻው ሰማ። እንባው ወረደ። ሲያልቅ እጄን ያዘና፣ “የኔ ልጅ፣ ይህን የጻፈው ማነው? ጎበዝ ሰው ነው” አለኝ።

አንተ ነህ እኮ ብለው፣ “ሂጂ፣ አትቀልጂብኝ” ብሎ ሳቀ። እማዬ ተነሥታ ጓዳ ገባች።

እማዬ አብዝታ ትስምሃለች። አክስቴ ሮሲታ፣ “የሚወደውን የባቾይ ሾርባ የምሠራለት መቼ ነው?” ትላለች። መርከቡ ላይ አንድ ክፍል አብሮህ ለሚያድረው ጓደኛህ ሰላም በልልኝ። አባዬም ሰላም ብሎሃል፤ ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያስታውሰው “ዴልፊን በላ?” ብሎ ጠይቋል። የመርከቡን ሥራ ውል ጨርሼ ምናምን አትበለኝ፤ ስምህ አፉ ላይ እያለ ና።

እህትህ ፌሊሳ
ጃሮ፣ ኢሎኢሎ
ሐምሌ 9