ጭስ የከለከልኩት የወተት ዕቃ

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽኝ እነሆ ሰባት ወር ሞላው፤ አላህ ይርሐምሽ። በአማርኛ ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂዋለሽ። በስደት ድሬዳዋ ያደግሽበትን ቋንቋ ሀርጌሳ ድረስ ይዘሽው የመጣሽው እኔን ለመቆጣት ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ዛሬ የምቆጣው ራሴን ነው፤ እኔም ጎረቤት እንዲሰማ አልፈልግም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልሽ። ጋአን ሊባህ ሰፈር ያለው ቤታችን በሩ ተቀይሯል። ድመትሽ እኔን ንቃ ጎረቤት ገብታለች። ቢጫዎቹ ጀሪካኖችሽ ግን ግድግዳው ሥር እንዳሉ ናቸው፤ ማንም እንዲነካቸው አልፈቀድኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሦስት ጓደኛሞች የምግብ ሳይንስ ተምረን ስንመረቅ ረሃብን እናጠፋለን ብለን ተነሣን። በድርቁ የተጎዱት አርብቶ አደሮች የግመል ወተታቸው ከተማ ሳይደርስ እየተበላሸ ይደፋ ነበር። ወተቱ ካልተሸጠ ሩዝና ዱቄት የለም፤ ልጆቻቸው ጦማቸውን ያድራሉ። እኛም የብረት የወተት ዕቃ አመጣንና እናንተን ወተት ሻጮቹን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ሰብስበን፣ በማኅበር አደራጅተን ማስተማር ጀመርን። አንቺ እጅሽን አውጥተሽ፣ ዕቃው በወይራ ጭስ ካልታጠነ ወተቱ አይሆንም አልሽ። እኔ የገዛ ልጅሽ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት፣ ጭስ ቆሻሻ ነው፣ ይሄ ኋላ ቀርነት ነው አልኩሽ። ምላሴን በቆረጠው! በዚያው በታጠነ ወተት አይደል ያስተማርሽኝ? ሻሽሽን አስተካክለሽ ቁጭ አልሽ።

ሥራው ግን ያዘልን። ዕቃዎቹ እኛ ግቢ ታጥበው ያድራሉ፣ በጠዋት መኪና ገጠር ይወስዳቸዋል፣ ረፋድ ላይ ሞልተው ይመለሳሉ። ወተቱ ደህና ይደርሳል፣ ደንበኛው ይሻማበታል። እኛም ደረታችንን ነፍተን ብረቱ ነው፣ ሳይንሱ ነው አልን፤ ሪፖርት ላይም እንደዚያ ብለን ጻፍን። ሪፖርቱን ሳነብልሽ ማሻአላህ ብለሽ ሳቅሽ። ኩራት መስሎኝ ነበር።

ከቀብርሽ በኋላ ባለው ሳምንት ወተቱ ይመለስ ጀመር። ደንበኞች ይሄ የግመል ወተት አይደለም አሉ። አንዳንዱ ዕቃ ቀትር ሳይደርስ ይበላሻል። ሳሙናውን ቀየርኩ፣ ሙቀቱን ለካሁ፣ ሾፌሩን ተቆጣሁት፤ ምስኪን፣ እሱ ምን አጠፋ? ሴቶቹ ከማኅበሩ እንወጣለን አሉ። እነሱ ከወጡ መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ከቆመ ገጠር ያሉት እናቶች ወተታቸውን እንደገና መሬት ላይ ሊደፉ ነው።

ያኔ ነው ከጎንሽ የምትሸጠው ወዳጅሽ፣ እንደ አክስት ኤዶ የምላት ሆዳን፣ እኛ ቤት ድረስ የመጣችው። ለካ ከሱብሂ ሶላት በፊት እየተነሣሽ፣ እኔ ተኝቼ፣ ዕቃዎቼን አንድ በአንድ ታጥኚልኝ ኖሯል! ልጄ ሰው ፊት እንዳታፍር ብለሽ፣ ሲገባት ራሷ ትጠይቀኛለች ብለሽ፣ እንዳትናገር አስምለሻታል። እማዬ፣ ሳልጠይቅሽ ሄድሽብኝ። ድንቄም የምግብ ባለሙያ! ሽታው እንዴት አልተሰማሽም ብትዪኝ፣ ወላሂ፣ ለእኔ እሱ የጭስ ሽታ አልነበረም። የአንቺ ሽታ ነበር። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ትዪ ነበር፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወሪ ይመስለኝ ነበር።

ሴቶቹን እዚያው አሕመድ ዳጋህ መልሼ ሰበሰብኳቸው። አንቺን ባሳፈርኩበት ቦታ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አለቀስኩም። ሪፖርቱንም አስተካክለን፣ ዕቃው የሚታጠነው በከድራ አሠራር ነው ብለን ስምሽን ጻፍንበት። ኤዶ ሆዳን ማጠን አስተማረችኝ። የመጀመሪያውን ዕቃ ጭስ አብዝቼበት ወተቱ ጥላሸት ጥላሸት አለ፤ ብታዪኝ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። አሁን ግን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወተቱ አይመለስም። ሴቶቹም አልወጡም፣ መኪናውም በየጠዋቱ ይሄዳል።

ከሱብሂ በፊት የምነሣው አሁን እኔ ነኝ። በአላህ ፈቃድ በሕይወት እስካለሁ ወይራውን ሳቀጣጥል ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ የተማሩ ልጆች እኛን ሊያዩ ሲመጡም አስቀድሜ የማወራላቸው ስለ አንቺ ነው።

ትናንት ገበያ ላይ ኤዶ ሆዳን ከኋላዬ መጣች። ዓይኗ ደክሟል፤ ሽታው ነው መሰል ያሳሳታት፣ ከድራ ብላ ጠራችኝ።

አቤት አልኳት።

ልጅሽ