የአንሶላው ጨረታ

ጥር 6

ስድስት መጋረጃ ተሰፋ። የአንዱ ጫፍ ተንጋዶ ነበር፣ ፈታሁት። ከሰዓት የሆስፒታሉን የአንሶላ ጨረታ ሰነድ አስገባሁ። ሴቶች ለሚመሩት ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣል ይላል። እሰይ! ይሄ ካመለጠኝ ሁለቱን ሰፊዎቼን ማሰናበቴ ነው። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?

ጥር 14

ጉድ ፈላ። ከጨረታ ኮሚቴው ደብዳቤ መጣ። "በሴት ስም ቢመዘገብም የሚመራው ወንድ ስለመሆኑ ጥርጣሬ አለን..."

ወንዱ የኔው ባል ነው። ሰነዱ ላይ የሱን ስልክ ጽፌያለሁ። ምን ላድርግ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ የሚያነሳው እሱ ነው። ደንበኞች የሴት ድምፅ ሲሰሙ "እስኪ ኃላፊውን አቅርቢልኝ" ይላሉ። ስለዚህ እኔ አጠገቡ ቆሜ አንሾካሹካለሁ፣ እሱ በዚያ ወፍራም ድምፁ ይደግማል። ለካ ጨርቅ ልገዛ የወጣሁ ቀን ኮሚቴው ደውሏል። "ሥራ አስኪያጁ ነዎት?" ቢሉት፣ "አዎ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ምነው ምን በደልኩህ?" አልኩት።

"አንቺ አልነበርሽማ! ማን ያንሾካሹክልኝ?"

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ድምፄን የደበቅኩት ራሴ ነኝ።

ጥር 15

አቤቱታ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። "የሚናገረው እሱ፣ የሚያስበው እኔ" ተብሎ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይጻፋል? ጻፍኩት።

ጥር 21

ነገ ከኮሚቴው ሊያዩን ይመጣሉ። "ነገ እዚህ ድርሽ እንዳትል" አልኩት ባሌን። "እሺ እመቤቴ" አለ። አላመንኩትም።

ጥር 22

መጣ! ያውም ክራቫት አስሮ። "ላግዝሽ ብዬ ነው" ይላል። ደሜ ፈላ። ከኮሚቴው የመጣችው ባለመነጽር ሴትዮ በቀጥታ ወደሱ ሄደች።

"ስንት ማሽን አላችሁ?"

ዞሮ አየኝ።

"ወደ እርሳቸው አይዩ።"

"አምስት... ስድስት?"

"አንድ አንሶላ ስንት ሜትር ጨርቅ ይፈጃል?"

ላብ አጠመቀው። ልማድ ሆኖበት ጆሮውን ወደኔ አዘነበለ። ትንፍሽ አላልኩም።

"እንደ በሽተኛው ቁመት ነዋ!" አለ በመጨረሻ።

ሰፊዎቼ አፋቸውን በጨርቅ አፈኑ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። "እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ።" ለፈለፍኩ! ስለ ክሩ፣ ስለ ቅዱ፣ ጨርቁ ሲታጠብ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ... አፌ አልዘጋ አለ።

እሱ አኩርፎ ዋለ። "አዋረድሽኝ" ይላል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ትንሽ አሳዘነኝም።

የካቲት 3

አሸነፍን!!! ሰፊዎቼ አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም።

መጋቢት 11

የመጀመሪያውን ጭነት ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ አንሶላዎቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋ። ሾፌሩና ጫኞቹ፣ ሁሉም ወንዶች፣ አጠገቤ ቆመዋል። እሱ ግን ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

"ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት አይደል? ሦስቱ አጥረዋል! ይሄም ሥራ ነው?"

ሰው ሁሉ እያየ ልክ ልኬን ነገረኝ። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነገ ቀይሬ አመጣለሁ" አልኩ።

እስከዛሬ የደንበኛ ቁጣ እንኳን የሚደርሰው ለባሌ ነበር... ፈገግ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።