ስለ ተቃጠለው የብቸና ሬዲዮና ስለ ባለቤቴ ስለ ደምለው

ለተከበሩ የከተማችን የጥበቃ አዛዥ፣ ለጓድ አካለ ወልድ
ብቸና

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክንድዎስ? ባለቤቴን፣ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛውን ደምለውን፣ ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን በገዛ እጅዎ ሲገርፉ ትከሻዎን እንዳመመዎ ሰምቼ አዝኛለሁና እግዚአብሔር ይማርዎ። ይህን በአደባባይ የምለጥፈው ውለታዎ በጓዳ የሚመሰገን ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። ሰዓት እላፊው ሲደርስ የከተማውን መብራት ሁሉ በአንድ ማብሪያ ድርግም ማድረግ ደስ ይልዎታል፤ የፀረ አብዮተኛውም ልብ አብሮ ይጠፋል ይላሉ። ደምለው ግን ጀነሬተሩ ያን ሁሉ ሸክም ድንገት ሲያጣ ጭነቱ እንደወደቀለት በቅሎ እንደሚፈነጥዝ፣ ቮልቴጁ ሽቅብ ዘሎ የተሰካውን ሬዲዮ እንደሚያቃጥል ነግሮዎ፣ መብራቱ በየሰፈሩ ተራ በተራ እንዲጠፋ ለምኖዎት ነበር። እርስዎ ግን ሁሉንም በአንዴ አጠፉት፤ ሬዲዮው ሲቃጠልም እሱን አሻጥረኛ ብለው አሰሩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። ከሞጣ ምትክ ሬዲዮ በመጣ ዕለት፣ ደምለውን ለመረሸን በዚያው ሬዲዮ የሞጣ አለቆችዎን ፈቃድ ጠየቁ፤ መልሱ ሳይመጣም ማታ እንደ ልማድዎ መብራቱን ድርግም አደረጉት። ያም ሬዲዮ ተቃጠለ። እስር ቤት በሰንሰለት የተጠፈረው ደምለው ይህንንም እንዳጠፋ ተቆጠረበት። በነጋታው ከሞጣ ድምፅ ቢጠፋ፣ ዝም ማለት እሺ ማለት ነው ብለው ከግድግዳ ሥር አቁመው ደረቱን በጥይት በሳሱት። ጓዴ የሚባለው የሞጣው ሬዲዮ ሠራተኛ፣ ሰውየው እንዳይነካ የሚለውን ትእዛዝ ጠርቶ ጠርቶ የሚሰማው ቢያጣ በበቅሎ ይዞት መጣ፤ ሲደርስ ደሙን በአፈር ሳለብስ አገኘኝ። እጄን አይቶ ትእዛዙን ወደ ኪሱ መለሰው።

ሦስተኛ፣ እንዳላለቅስ ስለከለከሉኝ። ለቅሶ ቢፈቀድልኝ ኖሮ ለዚህ ደብዳቤ ጊዜ አላገኝም ነበር።

እናት አገር ወይም ሞት ከሚለው መፈክርዎ ሁለተኛውን ለቤቴ ስላደሉልኝ እጅ እየነሣሁ፣ የሚፈረድብዎን ቀን እስኪያዩ ድረስ ዕድሜዎን ያርዝመው እላለሁ።

አክባሪዎ
ባንቺዓለም፣ የደምለው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ከዚያ ወዲህ የመጣልዎ ሦስተኛው ሬዲዮ ትናንት መብራቱ ድርግም ሲል መቃጠሉን ሰማሁ። እንግዲህ ደምለው አንዱን በነፃነቱ፣ ሁለተኛውን በሰንሰለት፣ ይህን ደግሞ ተቀብሮ አቃጥሏል ማለት ነው። መቃብሩን ያውቁታል። ትከሻዎ ተሽሎዎት ከሆነ ቆፍረው ያውጡትና ደግመው ይግረፉት።