ያን ሮዝ ጠርሙስ ድፊው

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምሽ ከነቤትሽ ይብዛልኝ። እንዴት ከረምሽ? ጤናሽስ፣ እንቅልፍሽስ? እማዬን ጉልበቷ ተሻላት ወይ? አባዬስ ያ ሳል ለቀቀው? እኔ ቆሞ በመሄድ በኩል ደህና ነኝ፤ የቀረውን እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እየሳቅሁ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። የላክሁልሽ ሮዝ መታጠቢያ ሊያልቅ ስለሆነ ሌላ ላኪልኝ ትያለሽ። ባልሽ ጠረንሽ ተለውጧል ስላለሽ ጨምረሽ መታጠብ ጀምረሻል። ወረድ ብለሽ ደግሞ ከእምብርቴ በታች ያመኛል ትያለሽ። እህት ዓለም፣ አንድ ጠብታ አልልክልሽም። የቀረውንም ዛሬውኑ ድፊው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የዓሣ ሆድ እቀድዳለሁ፣ አንጀቱን እየጎለጎልሁ ባልዲ ውስጥ እጥላለሁ። ወለሉ ደምና ሐሞት ነው። ቅርፊቱ ጡቴ ሥር ሳይቀር ይለጠፋል፤ ጠረኑ ትራሴ ላይ አብሮኝ ይተኛል። አንድ ቀን አለቃችን ካቦው፣ እሱ ራሱ አፉ የሚገማው ሰውዬ፣ አፍንጫውን ይዞ በመካከላችን አለፈና የሚሸተው ዓሣው ነው ወይስ እናንተ ሴቶቹ ብሎ ጠየቀ። ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኛ ልኩን እንደመንገር ለመታጠብ ተሽቀዳደምን። ጥርሶ የምንላት የማደሪያ ክፍል ጓደኛዬ ያን ሮዝ ጠርሙስ ገዝታ መጣች። የወር አበባችን ባለቀ ቁጥር ጠራርጎ ያወጣልናል ብለን በቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ ውስጥ እንጨምረው ጀመር። ደህና ነገር መስሎኝ ላንቺም ላክሁልሽ፣ እጄን በቆረጠው!

ጠረኑ ግን ባሰ። የባሰውም ያው ዓሣ ዓሣ እያለ ነው። ሥራዬ ዓሣ፣ ቦቲዬ ዓሣ፤ ከዚያው የመጣ ነው ብዬ የወር አበባዬን ማለቅ ሳልጠብቅ ጨምሬ ታጠብሁ። በሽታው ራሱ እንደ ዓሣ የሚሸት መሆኑን በምን ልወቅ? ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት ብሆን በሳምንቱ እነቃ ነበር። እኔ ሁለት ወር ሙሉ፣ ያን ግራጫ ፈሳሽ ላለማየት የውስጥ ልብሴን ፊቴን አዙሬ ሳጥብ ከረምሁ። በመጨረሻ ትኩሳት አዙሮኝ ጠረጴዛው ላይ ወደቅሁ፤ ስነቃ ፊቴ አንጀት ውስጥ ነበር። ይቀፍፋል አይደል?

የክሊኒኩ ነርስ፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ጥርሶ ያመጣችላቸውን ጠርሙስ አሽትተው ፊታቸውን አጨማደዱ። እዚያ ቦታ የሚኖሩ ደግ ጀርሞች አሉ፣ ክፉውን የሚያባርሩት እነሱ ናቸው አሉኝ። የሰውነት መከላከያም ወሩን ሙሉ እኩል አይበረታም። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ፣ ፅንስ ቢመጣ ባዕድ ነው ብሎ እንዳያጠቃው፣ ሳምንት አሥር ቀን ያህል ላላ ይላል። ክፉ ነገር ሽቅብ ለመውጣት የሚመቸው ያኔ ነው። አየሽ፣ ሰውነታችን ለልጅ ብሎ በሩን ገርበብ ሲያደርግ፣ እኛ ጠባቂዎቹን በሳሙና ገድለን ቆሻሻውን በቱቦ እንገፋ ነበር።

በሽታው ሽቅብ ወጥቶ የኔን አንዱን የማህፀን ቱቦ ዘግቶታል። ሁለተኛውን ገና እያዩት ነው። ይህን ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ አደራ። ካቦውን እጸየፈዋለሁ፤ ከሱ ይልቅ ግን ራሴን። በአንድ ባለጌ አፍ የገዛ ሰውነቴን እንደ ዓሣ ሆድ ጎለጎልሁት።

ያንቺ ገና ነው፣ ሆዴ። ይህን ወረቀት አጥፈሽ እንዳስቀመጥሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ባዶውን ጠርሙስም አሳዪያቸው። አትፈሪ። እኔም እግሬን ከፍቼ ስተኛ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው ያዩኝ። ከእንግዲህ ውጭውን በንጹሕ ውኃ መታጠብ ይበቃል ብለውኛል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባዬን ጋቢውን ሳይደርብ እንዳይወጣ ንገሪው። ትልቁ ወንድማችን መጻፍ የረሳው እጁ ደንዝዞ ከሆነ ያሽልኝ። ለአክስቴም፣ ዝም ስል የረሳኋት እንዳይመስላት፣ ሰላም በዪያት። ባልሽንም ሰላም በዪው፤ ጤና ጣቢያ አብሮሽ ካልሄደ ግን ሰላምታዬን መልሰሽ ውሰጂበት።

ከሴቶቹ ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
መጋቢት ፲፪ ቀን