በሞቴ ብዬ ያጎረስኩሽ ዳቦ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከዐሥር ቀን ሆነ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ብጀምር ሰውም እግዜርም ይታዘበኛል። አንቺ ያለሽበትን ለእርሱ ትቼ እኔ ያለሁበትን ልንገርሽ፤ ግራ ገብቶኛል። በሕይወት ሳለሽም ግራ ታጋቢኝ ነበር፣ ከሞትሽ ደግሞ ባሰብሽ። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ መልስ እንደማይመጣ አላጣሁትም። ዳቦዬን የማትበይው ለምን ነበር?

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላድርስሽ። የዳቦ ምድጃው ግቢያችን ውስጥ የለም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ወዲህ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዳቦ ዳቦ ይለኛል፣ ሥራውን መተው አልሆነልኝም። ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዱቄቱንም ቡሃቃውንም ወደዚያ አዛወርኩ። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ልብሴን ደጅ እለውጣለሁ፣ ፀጉሬንም አራግፋለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ወረርሽኝ የገባ መስሎት ነበር፤ አሁን ይስቅብኛል። ላሚቱን ለወንድሜ ለይበልጣል ሰጠሁት፣ ዶሮዎቹም ተሸጡ። ጓዳዬ ውስጥ ዳጉሳ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሽምብራና ግብጦ ነው ያለው። ድንገት ብትገቢ የእኔ ቤት ሳይሆን ዳንግላ ገጠር ያለው የራስሽ ጓዳ ይመስልሽ ነበር።

ይህ ሁሉ በልጄ በሊዲያ ምክንያት ነው። አንቺ ስትሞቺ አምስት ዓመቷ ነበር። ሆዷ ተነፍቶ እግሯ ቀጥኖ አይተሻታል። አንድ ቀን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ ብዙ ካየሻት በኋላ፣ ይህች ልጅ እኔን መሰለች አልሽ። መልኳን ያልሽ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከአንቺ በኋላ ባሰባት። ጎረቤት ኮሶ ነው አለ፣ አማቴ ዓይን በልቷት ነው አሉ፣ የጸሎት ቤታችን እህቶች መጥተው እጅ ጫኑባት። እኔ ደግሞ ላበርታት ብዬ ጠዋት ወተት፣ ቀን እንቁላል፣ ማታ ከምድጃ የወጣ ትኩስ ዳቦ በቅቤ እሰጣት ነበር። በከሳች ቁጥር እጨምርላት ነበር። የሚያሳምማትን ነገር በገዛ እጄ ሳጎርሳት ከረምኩ፤ ይህን ስጽፍልሽ አሁንም ያመኛል።

ባሕር ዳር ወሰድናት። ደጋግመው መረመሯትና በመጨረሻ ሐኪሙ ስንዴና ገብስ ዳግመኛ ከአፏ እንዳይገባ አለን፤ ወተትና እንቁላልም እርሱ ይብቃ እስኪል ድረስ ይቅርባት። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ማንም የለም አልኩት። ትንሽ እንኳ አላመነታሁም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዳንግላ ላይ ቆመ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ በመስኮት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ገዛ፣ ሊዲያ እጇን ዘረጋች፣ እኔ ቀማኋት፣ እርሷም አለቀሰች። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ዓይነት እናት ናት ብሎ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ በነጠላሽ ጫፍ የምትቋጥሪው የዳጉሳ ቂጣ ትዝ አለኝ። ለቅሶ ስትሄጂ፣ ሠርግ ስትጠሪ፣ እኔ ቤት ስትመጪም ሳይቀር ያ ቋጠሮ ካንቺ አይለይም ነበር። ሐኪሙ የጠየቀኝ ሰው እናቴ ናት ለካ አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ አይ፣ እርሷስ ስለት ነበረባት አልኩ። እንጅባራ እስክንደርስ እነዚህን ሁለቱን ሳፈራርቅ መጣሁ።

ስለት አለብኝ ነበር ቃልሽ። ዳቦ ሲቀርብ ስለት፣ ጠላ ሲቀዳ ስለት፣ በፋሲካም ቅቤ የገባበትን ወጥ በጣትሽ ጫፍ ቀምሰሽ በቃኝ፣ ስለት። ሰፈሩ ጻድቋ ይልሽ ነበር፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለቧልት። ልጅ ሳለሁ እኮራብሽ ነበር። ጴንጤ ከሆንኩ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ከተማው ሁሉ የእጄን ዳቦ ሲበላ ወላጅ እናቴ ሻይዋን ብቻ ጠጥታ ትነሣለች። እምነቴን ተጸይፋ ነው አልኩ። አልጠየቅኩሽም፣ አንቺም አልነገርሽኝም። እናትና ልጅ ሆድ ይፍጀው ብለን ተቀመጥን።

ሊዲያን ስወልድ ልታርሺኝ መጥተሽ ወር ተቀመጥሽ። ልትሄጂ ዋዜማ ላይ፣ ወተትና እንቁላል የገባበት፣ ቅቤ የጠገበ ዳቦ ጋገርኩልሽ። ቆርሼ ወደ አፍሽ አስጠጋሁ። ስለት አለብኝ አልሽ። በሞቴ አልኩሽ። እጄን በቀስታ መለስሽው። ያን ጊዜ ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣና፣ በሊዲያ ሞት አልኩሽ። ልጅቷ ጭንሽ ላይ ተኝታ ነበር። አየሻት፣ ከዚያ አፍሽን ከፈትሽልኝ። አንድ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ ጨመርኩ፣ ሦስተኛም። ጣፈጠኝ ብለሽ መረቅሽኝ።

ሌሊቱን ስትወጪ ስትገቢ እሰማ ነበር፤ የምትጸልዪ መሰለኝ። ጠዋት ስነሣ አልጋሽ ተነጥፏል፣ አንቺ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደሻል። ለባለቤቴ፣ የጴንጤ ዳቦ በላሁ ብላ ጠበል ልትረጭ ሄደች አልኩት። አራት ወር አልደወልኩልሽም። በይበልጣል ስልክ ስትደውዪ ደግሞ ኔትወርክ የለም እያልኩ አሳጥረው ነበር። በኋላ ታረቅን መሰለኝ፤ ብቻ ዳቦ የሚባል ነገር በመካከላችን ዳግመኛ አልተነሣም።

ከባሕር ዳር በተመለስን ሰሞን ለሊዲያ የማበላት ጠፍቶኝ ነበር። ድንች ቅቅል፣ ድንች ጥብስ፣ ድንች በጨው። ከዱቄት ሌላ የማውቀው ምን ነበረኝ? በስድስተኛው ቀን ሰሃኑን ገፍታ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። እኔም ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ልጆች ሳለን ምን ነበር የምንበላው ብዬ አሰብኩ። አንቺ ቤት የትናንቱ ዛሬ ተደግሞ አላውቅም።

ሱፉን ቀቅለሽ፣ ወቅጠሽ፣ አጥልለሽ እንደ ወተት ነጭ ሲወርድ ማር ጠብ ታደርጊበት ነበር። የሽምብራውን ዱቄት በቅመም ለውሰሽ በዓሣ መልክ እየቆረጥሽ ወጡ ውስጥ ትጥይው ነበር፤ ይበልጣልና እኔ ጭራው የኔ ነው እያልን እንጣላ ነበር። የዳጉሳው ቂጣ እንዳይሰነጠቅ ተልባ ታላቁጪበት ነበር። የባቄላውን እልበት እጅሽ እስኪዝል መትተሽ አረፋ ሲያወጣ ትስቂ ነበር። እንግዲህ ይህ ሁሉ ስንዴ የለበት፣ ወተት የለበት፣ እንቁላል የለበት። የጾም ምግብ ነው ብዬ ስንቄው ኖሬ አሁን ልጄን የማኖርበት እርሱ ሆነ።

በአንዴ ግን አልተሳካልኝም። የመጀመሪያው ቂጣዬ እንደ ሸክላ ተሰባበረ። ስልጆውን ሰናፍጩን አብዝቼበት ሊዲያን አስለቀስኳት፣ ባለቤቴም አብሮ አለቀሰ። ግብጦውን በቂ ቀን ሳልነክረው ቀርቼ ምሬቱ ከአፋችን ሳምንት አልወጣም። ጤፉንና ሽሮውን የማስፈጨው ወፍጮ ቤቱ ስንዴ ከመጀመሩ በፊት በማለዳ ነው፤ ባለወፍጮው መጀመሪያ በቆሎ አስገብቶ ድንጋዩን እንዲያጠራልኝ ስለምነው፣ እመቤቴ ለድንጋይም ጥምቀት አለ ወይ ይለኛል። ዛሬ ግን ሊዲያ ጉንጯ ሞልቷል። ሮጣ ስትመጣ ከሆዷ በፊት ፊቷ ይታየኛል።

አንድ የሚያስቅሽ ነገር ልንገርሽ። ወጡ ሁሉ በዘይት፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፤ ይህን ያየች የጸሎት ቤታችን እህት መጥታ እጄን ይዛ፣ ወደ ጾሙ ተመለስሽ እንዴ ብላ በእንባ መከረችኝ። በዚያው ሳምንት የጎረቤታችን ባለቤት ደግሞ በአጥር ላይ፣ እሰይ፣ እናትሽ ከመቃብር ጎትታ መለሰችሽ ብላ እልል አለችልኝ። ለሁለቱም ልጄ ታማ ነው አልኩ። ሁለቱም አላመኑኝም።

ስልጆውን ልማር ብዬ ዳንግላ ወዳጅሽ እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄድኩ። ድስቱን ሲያማስሉ የስለቱን ነገር ጠየቅኋቸው። እቴ፣ ምን ስለት አለባት፣ ሆዷ ነው እንጂ አሉኝ። ገና ሙሽራ ሆነሽ ገብስና ስንዴ ሲጥልሽ፣ ወተቱም ሲያስመልስሽ፣ ሰው ዛር አለባት ይለኛል ብለሽ ፈርተሽ ስለት ነው አልሽ። ይህን ሰምቼ ስወጣ ይበልጣል መንገድ ላይ አገኘኝ፣ ነገርኩት፣ ተቆጣኝ። እኔ ስታመም ለገብርኤል የተሳለችውን እኔ አውቃለሁ፣ ስለት ነው አለኝ። ተመልሼ እትዬ በላይነሽን ብጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እርሱም እውነት ነው፣ ስለት ነው ስትል ስትል ስለት ሆነ አሉኝ። ታዲያ የትኛውን ልያዝ? ሕመም ከሆነ ያን ሌሊት በእጄ መርዤሻለሁ። ስለት ከሆነ ስለትሽን አፍርሼብሻለሁ። መጸየፍ ነበር ያልኩት ብቻ ውሸት ሆነ፤ ስንት ዓመት የያዝኩት ደግሞ እርሱን ነው።

ይባስ ብሎ በአርባሽ ተዝካር ዐሥራ ሁለት ድፎ ዳቦ ጋግሬ በሚኒባስ ጣራ አስጭኜ መጥቼ ነበር። በተዝካር አላምንም እያልኩ፣ ቢያንስ ዳቦዬ ይድረስላት ብዬ። ዳቦ ላጎረስኩሽና ለታመምሽው ለአንቺ!

ለሙት ዓመትሽ ይበልጣል ደውሎ ዳቦውን እንደ አምናው አደራ አለኝ። አልጋግርም አልኩት። ጴንጤነትሽ ተነሣብሽ አለና ስልኩን ዘጋው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እርሱ ድንጋይም ቢበላ የሚስማማው፣ እኔ ደግሞ ዳቦ የሚያሳምማት ልጅ የወለድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳበስል ሰንብቼ ያንቺን ምግቦች በየድስቱ ይዤ እሑድ መጣሁ። ሚስቱ ዳቦውን ጋግራ፣ ጠላውን ጠምቃ ጠበቀችኝ። የእኔን ከድንኳኑ ጥግ ለብቻው አቀረብኩ። ሊዲያ ምግብ ባየች ቁጥር ይህ ለእኔ ይሆናል ወይ ትለኛለች። በዚህ በኩል ያለው ሁሉ ያንቺ ነው አልኳት። አያቴስ የምትበላው የትኛውን ነበር አለችኝ። ይህንኑ አልኳት።

እንግዲህ እዚያው ቆመን ሳለን ሴቶቹ አዩዋት። የእንትና ልጅ ልጅ፣ ነይ እስቲ አሏት፤ አንዷ ትልቅ ቁራሽ ዳቦ ይዛ መጣች። አሟታል አልኩ። ትንሽ ምን ይላታል አለች። ሐኪም ከልክሏታል አልኩ። የእናቷ እናት ሙት ዓመት ላይ ሳትቀምስማ አትሄድም አለች ሌላዋ። ዳቦው አፏ ዘንድ ደረሰ፣ ከኋላዬ አንዷ በሞቴ ስትል ሰማሁ። ሊዲያ እኔን አየችኝ። እማዬ፣ እንዴት እንደመጣብኝ አላውቅም። ስለት አለባት አልኩ።

እጁ ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ይቅር በይን፣ ስለትማ ስለት ነው አሉ። ሕመሟን ሲከራከሩኝ የነበሩት ስለቷን አንዳቸውም አልጠየቁኝም። ይበልጣል ጠላ እየቀዳ ነበር፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መጥቶ ከእኔ ድስት የሽምብራውን ዓሣ አወጣ፣ ጭራውን ቆርሶ ለሊዲያ ሰጣትና ቀሪውን ቆሞ በላው።

በስለት የማላምን ሴት ልጄን ስለተኛ አድርጌያት መጣሁ። ውሸት ይሁን ጸሎት ይሁን አልለየሁትም፤ አንቺም ለይተሽው እንዳልነበር አሁን ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን ቃሌ ነው፤ ከእንግዲህ በሞቴ ብዬ ማንንም አላጎርስም። ሌላው ሰው እናቱን በዓመት አንድ ቀን ያስታውሳል። እኔ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሊዲያ ሰሃን ባቀረብኩ ቁጥር፣ እናቴ ይህን ትበላው ነበር ወይ ብዬ ቀድሜ እጠይቃለሁ።

ልጅሽ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ።