እኔ መርጬው ለመልካሙ የተላከው የፎቶ ማስቀመጫ

«መልኬ፣ ጋሼ በመረጠው መሠረት ያንን የባክአፕ ዕቃ ገዝቼ ልኬልሃለሁ። በርታ፣ ሥራህን ያዝ። ጋሼ እንኳ ከእንግዲህ የሙሽራ መኪና ተከትሎ አይሮጥም፤ ይረፍ።»

ይህ አንቺ የጻፍሽው ነው። አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። ወንድማችን መልካሙ ራሱ ስልኩን ከፍቶ እየሳቀ አስነበበኝ።

ውድ እህቴ ገነት፣ ተቆጥቼም ቢሆን ሰላምታ አይቀርምና እንደምን ሰንብተሻል? የኦስሎ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ያመኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አስናቀስ እንዴት ነው፣ ሥራው ተስማማው? ልጆቹስ አድገዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችን ጉልበቴን ጉልበቴን ብትልም የነቢያትን ጾም ከሁላችንም አጥብቃ ይዛዋለች። የጉና ብርድ ወርዶብን ጠዋት ከደጅ ያደረ ውኃ አይነካም። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ጤፉ ገና አውድማ ላይ ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም ደህና ነው።

በወረቀት የጻፍሁልሽ በቴሌግራም ብልክልሽ የአውራ ጣት ሥዕል መልሰሽ እንደምትገላገይኝ ስለማውቅ ነው። የጎረቤታችን የሀብታሙ ልጅ ወደዚያው ይመለሳልና በእጅሽ ያደርስልሻል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት አገር ለአገር እየዞረ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ጣራ ገዳም ድረስ አብሬው ወጥቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያነሣ ዋለና ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የኪስ ዳዊት የምታህል ሣጥን አወጣ። ሚሞሪውን ከካሜራው ነቅሎ ሰካባት። ላፕቶፕ የለ፣ መብራት የለ፤ ከገዳሙ ጫካ ሳይወጣ ሥራው ሁሉ በሁለት ቦታ ተቀመጠለት። ዓይኔ እዚያች ሣጥን ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ስለዚህ ነገር እንደጻፍሁልሽ አንቺው ታውቂያለሽ። ላፕቶፕ ይዞ ሠርግ የሄደ ሰው መከራውን ያውቀዋል። አንዱ ጠላ ይደፋበታል፣ ሌላው ጨፍሮ ሲደክመው ይቀመጥበታል። መብራት በሙሽሪት ቤት ቢኖር በሙሽራው ቤት የለም። ስለዚህ የራሷ ባትሪ ያላት ትሁን አልሁሽ። ውስጧ የሚሽከረከር ዲስክ ያለባት አትሁን፤ የገጠሩ ኮረኮንች የሚሽከረከረውን ሁሉ ይገድለዋል አልሁሽ። ገልብጣ ስትጨርስ ቅጂውን እንደገና አንብባ ከዋናው ጋር የምታመሳክር ትሁን፤ «ጨርሻለሁ» የምትለዋን ብቻ አትመኚ፣ «ጨርሻለሁ»ን ሰነፍም ይለዋል አልሁሽ። ፎቶውን ከፍታ በስክሪኗ ታሳይ፤ የፋይል ስም ብቻ አይቶ ያመነ ሰው ቤቱ ሲገባ ባዶ ነገር ይጠብቀዋል አልሁሽ። ከሁለት አንዷን ምረጥ ስትይኝም ፈጣኗን ተዪያትና የምታመሳክረውን ያዢ አልሁሽ። ቅጂው ከተያዘም በኋላ ሚሞሪው እንደማይደመሰስ፣ ሚሞሪው በኪስ፣ ሣጥኗ በሚዜዎቹ መኪና ለየብቻ መሄድ እንዳለባቸው ሳይቀር ጽፌልሻለሁ። አንቺም «ጋሼ፣ አንተ እኮ መሐንዲስ መሆን ነበረብህ» አልሽኝ። ደስ አለኝ። መጠበቅ ጀመርሁ።

መጣች፤ ግን ወደ መልካሙ። የመጀመሪያውን ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠልሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ከእኔ ስቱዲዮ ፊት ለፊት የራሱን ከፍቶ፣ በመስታወቱ ላይ በትልቁ «ዘመናዊ» ብሎ አስጽፏል። ፊት ለፊቱ ያለሁት እኔ ምን እንደሆንሁ አንባቢው ይወቀው። ይኸው ሰው አምና የአንድ የሐሙሲት ሠርግ ሚሞሪ በሱሪ ኪሱ ረስቶ ከልብሱ ጋር አሳጠበው። ሙሽሮቹን ከመልሱ በኋላ እንደገና አልብሶ ዳቦ አስቆረሳቸው። ሙሽሪት በፎቶው ላይ የምትስቀው በደስታ እንዳይመስልሽ፣ በእሱ ነው። ከእኔ እጅ አንድም ሠርግ ጠፍቶ አያውቅም። ያጠፋው ተሸለመ፤ ያላጠፋው ይረፍ ተባለ።

ጭራሽ ሣጥኗን ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛውን አንተ ታነበው የለ? እስቲ እንዴት እንደምትሠራ ንገረኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ምን ላድርግ፣ ወንድሜ ነው። በየገጹ ያገኘሁት እኔው የጻፍሁልሽን ነው፤ ባትሪው አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ ማመሳከሩ አለ። አንዲት ነገር አላጎደልሽም። ሌላ ዓይነት ልከሽለት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋኝ። እሱ ደግሞ ማመሳከሩን አጥፋልኝ ይለኛል። «እሷም እንዳንተ ተጠራጣሪ ናት ጋሼ፤ አንዱን ነገር ሁለቴ ካላየች አታምንም» ብሎ ሳቀ። መመሪያውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ ስወረውር ያየው ጎረቤቴ ነጂብ፣ ያ ስልክ የሚሸጠው፣ «ጋሽ እሸቴ፣ ዕቃዋ ቀዝቃዛ ናት፤ የጋሉት እርስዎ ነዎት» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አብሬ ሳቅሁ። ምን አማራጭ ነበረኝ?

በዚህ ቢያበቃ እችለው ነበር። በማግሥቱ እህታችን ጌጤ ከአንበሳሜ ደወለች። እንደምታውቂው ልጇ ትዝታ ጥር ፲፯ ትዳራለች። ፎቶውን እኔ ላነሣ ከመስከረም ጀምሮ የተነጋገርንበት ነው። አሁን ምን አለችኝ መሰለሽ? «ለመልካሙ ገነት እንዲያ ያለ ዕቃ ከላከችለት የእሱ ፎቶ አይጠፋምና እሱ ይያዘው። አንተ አጎቷ ነህ፤ ነጠላህን አጣፍተህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥና መርቅልን።» ክብር ነው እያሉ ካሜራውን ከእጄ ወሰዱት። ትዝታን ክርስትና ስትነሣ ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ አፏን በእጇ ሸፍና «አጎቴ አታንሣኝ» ስትል ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ስትመረቅም እኔ ነኝ። አሁን መልካሙ ከፊቷ ቆሞ «ቀና በይ» ሲላት፣ እኔ ከሽማግሌ ጋር ተቀምጬ ጉሮሮዬን ላጥራ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ጌጤ አጥሬን የነቀነቀችው አንቺ «ይረፍ» ብለሽ ስለጻፍሽ ነው።

ቅናት ነው ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው። ከመስኮቴ ሆኜ እሱ ያችን ሣጥን ለደንበኛ ሲያሳይ ባየሁ ቁጥር ምሳዬ አይወርድልኝም። ጾም ላይ ሆኜ ይህን መጻፌ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ውሸት መጻፍ ግን ይብሳል።

ደግሞ «ለእኔ ላኪልኝ መቼ አልኸኝ?» እንደምትይ አውቃለሁ። አላልሁም። ታላቅ ወንድም ታናሽ እህቱን «ላኪልኝ» ይላል? አባታችን በሬ ሲጎድለው «ዘንድሮ እርሻው ጠናብን» ይል ነበር እንጂ በሬ ስጡኝ ብሎ አያውቅም። ጎረቤቱም ሰምቶ ዝም አይልም፤ ጠዋት በሬውን ነድቶ ከደጃችን ይቆም ነበር። አንቺም የዚያው ቤት ልጅ ነሽ። «ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ዕቃ ያስፈልጋል» ብዬ ስጽፍልሽ ምን ማለቴ እንደሆነ እንዴት ጠፋሽ? መልካሙ «ላኪልኝ» ብሎ ጮኸ፣ ለጮኸው ሰጠሽ። ነገሩ ይኸው ነው።

አስናቀን ወንድምህ እሸቴ በጣም ይናፍቅሃል በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን አዲስዓለምን ሳሚልኝ፤ ትንሹን ይሻውን ደግሞ ከጉንጩ አንዴ ቆንጥጠሽ ከአጎትህ ነው በይው። እናታችን «ልጄ ሆይ፣ እመቤቴ ከፊትሽ ትቅደም» ብላለች፤ ይህን ደብዳቤ መጻፌን ግን አልነገርኋትም። መልካሙም ሰላም ብሎሻል መሰለኝ፤ አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ አፌ ያልለመደውን ልጻፈው። የሰጡትን መቀማት ነውር ነውና ሣጥኗ መልካሙ ዘንድ ትቅር። ለእኔ ግን እንደ እሷ ያለች ሌላ ላኪልኝ። ከጥር ብትዘገይም ግድ የለም፤ ያለ እሷም እስከ ዛሬ አላጠፋሁም። የማይዘገየው ሌላው ነው፤ የትዝታን ሠርግ የሚያነሣው እሸቴ ነው ብለሽ ለጌጤ ጻፊላት፣ ያንኑ ለእኔም በጽሑፍ ላኪልኝ። በስልክ «እሺ ጋሼ» አልቀበልም። እስከ ታኅሣሥ ፳፰ ቀን ድረስ እጠብቃለሁ። እስከዚያ የጻፍሽው ካልደረሰኝ፣ የእህቴ ልጅ ስትዳር በአንበሳሜ ዳስ ውስጥ ቆሜም ሆነ ተቀምጬ አታገኙኝም።

ወንድምሽ እሸቴ
ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.