የሕሊና መዋኛ ውሃ በአባቷ እጅ እንዲወጣ

ግንቦት 9 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለከተማው ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

ጉዳዩ፦ በግቢያችን ያለው የመዋኛ ገንዳ ውሃ በፓምፕ ወደ መንገድ ቦይ እንዳይለቀቅ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ጤናዬ ገብረ ክርስቶስ የዚህ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በመጋቢት ወር ያረፈችው የሕሊና ፀጋው እናት ነኝ። ገንዳው እንዲደፈን የሰጡትን ትእዛዝ አልቃወምም። ይደፈን፤ እኔም ላየው አልፈልግም። አቤቱታዬ ውሃው ስለሚወጣበት መንገድ ብቻ ነው።

1. ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዙላትም ነበር። ሐኪም ውሃ ውስጥ እንድትንቀሳቀስ ስላዘዘላት፣ የቧንቧ ሠራተኛ የሆነው ባለቤቴ ፀጋው ገንዳውን በገዛ እጁ ቆፍሮ በሲሚንቶ ሠራላት። ጣሪያ ላይ በዘረጋው ጥቁር ቱቦም ውሃውን በፀሐይ ያሞቀው ነበር። መጀመሪያ የገባች ዕለት ጠርዙን ይዛ ቆመችና «እምዬ፣ ቁመቴን እዪልኝ! በልጬሻለሁ እኮ!» ብላ ጠራችኝ። ልጄ ረጅም መሆኗን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

2. የአገራችን ፀሐይ ጀርም የሚገድለውን ክሎሪን ቶሎ ስለሚያጠፋው፣ ባለቤቴ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቅ ማረጋጊያ ያለበትን የክሎሪን እንክብል ከአዲስ አበባ እያስመጣ ይጨምር ነበር። ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ያልቃል፤ ማረጋጊያው ግን እዚያው ይጠራቀማል። ሲበዛም ጀርም እንዳይገድል ክሎሪኑን አስሮ ይይዘዋል። መላው ከውሃው ከፊሉን ደፍቶ በአዲስ መተካት ነው። ፀጋው ይህን ያውቃል፤ በየጊዜው እየቀዳ ከግቢው ጀርባ ይደፋ ነበር።

3. ዘንድሮ ለጥምቀት ከባሕረ ጥምቀቱ የተባረከ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ መጣና ገንዳው ውስጥ ጨመረላት። ትድንልኛለች ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት ጣሳ እንኳ መድፋት አልሆነለትም። «ጸበል እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አልደፋም» አለ። የጎደለውን ብቻ እየሞላ፣ ውሃው ሲደፈርስ እንክብል እየጨመረ ቆየ። መለኪያ ወረቀቱ ክሎሪን አለ ይላል፤ አቅም ግን አልነበረውም። እኔም ደግ አደረግህ እለው ነበር።

4. ተረከዟ ላይ የነበረች ትንሽ ቁስል አመረቀዘች። እግሯ ሕመም አይሰማውምና አልነገረችንም። ሆስፒታል ስንደርስ መርዙ ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። ሐኪሞቹ የቻሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ክቡር ሆይ፣ ባለሙያዎ ቤታችን መጥተው ቁስሏን የመረዘው ሳይደፋ የቆየው ውሃ መሆኑን ለፀጋው አስረዱት። ከዚያ ወዲህ ከገንዳው ዳር አልተነሣም። ዝናብ ሲጥልም ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ነው። እህል ካልለመንኩት አይቀምስም፤ ስሙን ስጠራው ዘወር አይልም። ፓምፕ ይዘው የመጡትን ሠራተኞች የመለሳቸው ሕግ ለመጣስ ብሎ አይደለም። ለልጁ ሲል ያልደፋውን ውሃ ባጃጅና ከብት ሲረግጠው ማየት አልቻለም። አሁን በፖሊስ ይነሣል መባሉን ሰምቻለሁ።

ስለዚህ የደብራችን አለቃ ከቅጥሩ ውስጥ አጥር ያለውና ከጉድጓድ ውሃ የራቀ ቦታ ፈቅደውልናል። ማንም እንዳይጠጣው፣ ማንም እንዳይጠመቅበት ባለሙያዎ ቆመው ይቆጣጠሩን። ውሃውን ፀጋው ራሱ በባልዲ እየቀዳ ወደዚያ እንዲወስደው፣ ለዚህም እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ እንዲሰጠን እለምናለሁ። እሱ ሲጨርስ አፈሩን እኔው እሞላለሁ።

ፓምፑ ቶሎ እንደሚገላግለን አላጣሁትም። ነገር ግን ልጄን ቀብሬአለሁ። ባሌን ደግሞ ፖሊስ ጎትቶት ሳይሆን፣ የጀመረውን ጨርሶ በራሱ ተነሥቶ ወደ ቤት ሲገባ ልየው።

ከታላቅ አክብሮትና ከእናት ሰላምታ ጋር፣

ጤናዬ ገብረ ክርስቶስ
(ፊርማ)